የግቢ በር ቁልፍ ራሴ ልቀይር? (መክፈቻው ውስጡ ተሰብሮ ቀርቷል)

ኮልፌ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። የእናቴ ግቢ በር መክፈቻ ዛሬ ሌሊት ተሰበረ። እማዬ ኪዳን ለማድረስ 11 ሰዓት ላይ ልትወጣ ስትል ግማሹ እጇ ላይ፣ ግማሹ ቁልፉ ውስጥ ቀረ። ዝናቡ ደግሞ ያወርደዋል። እኔ የምኖረው ሰርቪሱ ውስጥ ነው፤ ነጠላዋን ተከናንባ መጥታ መስኮቴን ደበደበችው። በሩ ሁለት ክንፍ ነው። የማይከፈተውን ክንፍ የላይና የታች መወርወሪያ አንስተን፣ ሁለቱን ክንፍ አንድ ላይ ገፍተን ነው የወጣችው።

እንዳንደናገር፦ መክፈቻ ስል ኪስ ውስጥ የሚያዘውን፣ ቁልፍ ስል በሩ ላይ ያለውን ነው። አማርኛችን ሁለቱንም ቁልፍ ብሎ ተገላግሏል።

በሩ ላሜራ ነው፣ ክፈፉ ቱቦላሬ። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግራ የገባኝ ቁልፉ የተቀመጠው ከቱቦላሬው ጋር የተበየደ የብረት ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ነው። ሰፈር ያለ በያጅ አየውና "በግራይንደር ቆርጠን አውጥተን አዲስ እንበይዳለን፣ ቀለሙ ለብቻ" አለኝ። የጠራውን ዋጋ ብነግራችሁ አዲስ በር የማሠራ ይመስላችኋል። ድሪል፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሴጌቶ አለኝ። ቅዳሜ ራሴ ብሞክረው አበላሸዋለሁ ወይስ ይቻላል?

ለጊዜው በሰንሰለትና በጓጉንቸር ነው የምናድረው።

ጓጉንቸር_ይበቃል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡55

ሰንሰለትና ጓጉንቸር ካለህ ምን ጎደለህ ወንድም? እኛ ቤት 8 ዓመት ሙሉ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። በሩ ላይ እጅ ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ከውስጥ ጓጉንቸር። አለቀ።

ሰብለ_ከአያት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

"አለቀ" ማለት ቀላል ነው። ማታ በዝናብ፣ በአንድ እጅ ፌስታል፣ በአንድ እጅ ጃንጥላ ይዘህ ቀዳዳ ውስጥ ጓጉንቸር ስትዳብስ ማየት ነበር። የእኛ ውሻ ደግሞ እጅ ብቻውን ሲገባ የባለቤቱ ይሁን የሌባ አይለይም። የባሌ አውራ ጣት ምስክር ነው።

ኮልፌ_ልጅ፣ ለእናትህ ስትል ቁልፉን አስተካክለው። ሌሊት የምትወጣ እናት ከሰንሰለት ጋር መታገል የለባትም።

ጋሽ_ብረቱ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ግራይንደሩን አቁመው። ብየዳ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። እንዲህ ዓይነቱን በር ስንሠራ የምንበይደው ሣጥኑን ብቻ ነው። ቁልፉ ውስጡ ገብቶ በሁለት ቪቴ ይታሰራል። በሩን ከፍተህ ጠርዙን፣ ምላሱ የሚወጣበትን በኩል እይ። ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ታገኛለህ። ከላይና ከታች አንዳንድ ቪቴ አለው። ላይታይህ ይችላል፤ ቀለም ሲቀቡ አብረው ደፍነውት ይሆናል። በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርገው። ቪቴው ካለ በያጅ አያስፈልግህም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። መክፈቻ ዝም ብሎ አይሰበርም። ሁለት ነገር መልስልኝ። አንደኛ፣ ከመሰበሩ በፊት ሲዞር ይከብድ ነበር? ሁለተኛ፣ በሩ ክፍት ሆኖ መክፈቻውን ስታዞሩትስ ይከብዳል ወይስ ይቀላል?

ኮልፌ_ልጅ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቪቴው አለ! ሦስት ድርብ ቀለም ሥር ነው የተቀበረው። አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቡናማ፣ ከሥሩ አንቲረስቱ። የቤቱን ታሪክ ነው የፋቅኩት።

ለጥያቄዎ፦ አዎ፣ ይከብድ ነበር። ክፍት ሆኖ ግን በሁለት ጣት ይዞር ነበር። እማዬን ስጠይቃት ምን አለችኝ መሰልዎ፤ "እሱማ በጉልበት ካልደገፉት መች ይዞራል?" ስታሳየኝ የግራ ጉልበቷን በሩ ሥር ከትታ፣ ወደ ላይ እየገፋች፣ ከዚያ ነው የምታዞረው። ስንት ጊዜሽ ነው ስላት "ካለፈው ክረምት ጀምሮ" አለች። ለእኔ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ሰብለ_ከአያት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡35

የእኔ እናት ደግሞ የማዕድ ቤቱን በር በዳሌዋ ነው። አጥንት ከብረት ጋር እስከ መቼ!

ጋሽ_ብረቱ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡15

እንግዲህ በሽታው ተገኘ። ቁልፉ አልታመመም፣ በሩ ወርዷል። ክፍት ሆኖ ከቀለለ፣ ሲዘጋ ከከበደ ምላሱ ቀዳዳውን ስቶ ጠርዙን እየፈጨ ነው። አዲስ ቁልፍ ብታስገባም እናትህ በጉልበቷ ትደግፋለች፣ አዲሱም መክፈቻ ይሰበራል። ሰው ቁልፍ ይቀይራል፣ ይቀይራል፣ ማጠፊያውን ዞር ብሎ አያየውም።

እንዲህ አረጋግጥ። ምላሱን ጠመኔ ወይም ከሰል ቀባው። በሩን ዝጋና ለመቆለፍ ሞክር። ከዚያ ክፈትና ተቀባዩ ክንፍ ላይ ምልክቱ የት እንዳረፈ እይ። ከቀዳዳው በታች ካረፈ ወርዷል። ደግሞ የሁለቱን ክንፎች የላይ ጠርዝ አስተያይ፤ አንዱ ከአንዱ ዝቅ ብሎ ደረጃ ሠርቶ ታየዋለህ። በስንት ሚሊ እንደሆነ ለካልኝ።

ፈጣን_ጥገና | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡00

ከሁሉ በፊት ግን ሰባራውን አውጣ። የሴጌቶ ምላጭ ቀጭኑን ስባሪ ጥርሱን ወደ ውጭ አድርገህ ከጎኑ አስገባና ሳብ። እምቢ ካለ በመክፈቻው ጉቶ ጫፍ ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርገህ አጣብቀህ ማውጣት ነው።

ጋሽ_ብረቱ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሱፐር ግሉውን ተወው ወዳጄ። ከሰባራው በፊት የሚጣበቀው ፒኑ ነው፣ መክፈቻው ሲገባ የሚያነሳት ትንሿ ዘንግ፤ ከዚያ ወዲያ በድሪል ካልሆነ በምንም አይወጣም።

ደግሞ ይህ ልጅ ሰባራውን ለምን ያወጣል? ሲሊንደሩን፣ መክፈቻው የሚገባበትን የቁልፉን ክፍል፣ ሊጥለው ነው። ሰባራው ውስጥ መኖሩ እንዲያውም ይጠቅመዋል። የመክፈቻው ጥርስ ፒኖቹን በልካቸው አንስቶ ይዟቸዋል፤ ስለዚህ በቀጭን ካቻቢቴ ማዞር ይቻላል። ሰባራውን ካወጣው ፒኖቹ ይወርዱና ሲሊንደሩ ድርቅ ይላል።

ማዞር የሚያስፈልገው ለምን መሰለህ? ሲሊንደሩ መሃሉ ላይ ምላሱን የምትገፋ ትንሽ ጥርስ አለችው። መክፈቻው ቀጥ ብሎ ሲቆም እሷ ወደ ጎን ወጣ ትላለች። ያኔ ሲሊንደሩ አይወጣም፣ ሰው ደግሞ በመዶሻ ይመታዋል። ትንሽ ዞር ስታደርጋት ከሲሊንደሩ አካል ጋር ትስተካከላለች። ያን ጊዜ በጣት ገፋ ብታደርገው ይወጣል።

ሲሊንደሩን የሚይዘው አንድ ረጅም ቪቴ ብቻ ነው፤ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ ላይ ከምላሱ ዝቅ ብሎ፣ ከሲሊንደሩ ትክክል። እሱን ሙሉ በሙሉ አውጣው። በሩ ክፍት እንደሆነ ሥራ። ተዘግቶ የተሠራ ቁልፍ ሁለተኛ አይከፈትም፤ ይህን የተማርኩት የሰው አጥር ዘልዬ ነው።

ሜሪላንድ_ነኝ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡50

እኔም የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ባለፈው ለፋሲካ ስመጣ ለአባቴ ግቢ "የአሜሪካ ቁልፍ" ሻንጣ ውስጥ ከትቼ አመጣሁ። ከባድ፣ የሚያብረቀርቅ። አባዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየው።

ማሸጊያውን ስንከፍት መመሪያው ቤታችንን የሚያውቀው አይመስልም። የሚፈልገው ቀዳዳ 54 ሚሊ ስፋት አለው። የእኛ ቱቦላሬ ጠቅላላ ወርዱ 40 ነው። ከበሩ ጠርዝ እስከ ቀዳዳው መሃል ደግሞ 60 ወይም 70 ሚሊ ይላል። ለእንጨት በር የተሠራ ነው ለካ። አሁን ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹ ጋር ተቀምጧል። ሻንጣ ውስጥ ቁልፍ ለመያዝ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ቤተሰብ በሩን ለክቶ ይላክላችሁ።

ኮልፌ_ልጅ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ጋሼ፣ ለካሁት። የሰው መግቢያዋ ክንፍ 7 ሚሊ ወርዳለች። የከሰሉ ምልክት ከቀዳዳው በታች ነው ያረፈው። ቀዳዳውን ሳየው ደግሞ የታችኛው ጠርዙ እንደ መስተዋት ተወልውሏል። አንድ ዓመት ሙሉ የእማዬ ጉልበትና የቁልፉ ምላስ ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው።

ማጠፊያው ቀጥ ብሎ የቆመ ወፍራም ብረት ላይ ክንፏ ከላይ የምትቀመጥበት ዓይነት ነው። የብረቱ ውፍረት 16 ሚሊ። የሚፋተጉበት ቦታ ተበልቶ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ጋሽ_ብረቱ | ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡40

ጥሩ ዓይነት ነው ያለህ። የ16 ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት) ግዛ። አንዱ 3 ሚሊ ያህል ይወፍራል። ለእያንዳንዱ ማጠፊያ ሁለት ሁለት። የላይኛውም የታችኛውም እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ላይ ብቻ ብታደርግ ሸክሙ በሙሉ እሱ ላይ ይወድቃል። ግራሶ ቀባው፣ እዚያ ላይ ግራሶ ተፈቅዷል።

ክንፏን ማውጣት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሦስት ሁኑ። ከሥር የመኪና ክሪክ ከነጠፍጣፋ እንጨቱ አስገቡና ቀስ እያላችሁ አንሱ። መጀመሪያ ግን ከላይ እይ፤ ጨዋ በያጅ ከሆነ የሠራው፣ ሌባ ክንፉን አንስቶ እንዳይወስድ ማገጃ በይዶበት ይሆናል፣ ወይም አንዱን ማጠፊያ ገልብጦት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ተወው፣ ሰው ጥራ። ላሜራ በር ሲወድቅ የእግር ጣት አይምርም።

ሲሊንደሩን በተመለከተ ሳትይዘው ገበያ አትውጣ። የድሮውን ኪስህ ክተት።

ኮልፌ_ልጅ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጋሼ፣ አይቆጡ። መልእክትዎን ሳላይ ከሥራ ስወጣ መርካቶ ደርሼ ገዝቼ መጣሁ። ትናንት ማታ በማስመሪያ ለክቼው ነበር፣ 70 ሚሊ። "የ70 ሲሊንደር" አልኩት፣ የ70 ሰጠኝ። ቤት ስደርስ አልገጥም አለ። ከውጭ በኩል ወደ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ አፍንጫ አውጥቷል። 70 አይደለም እንዴ?

የቁልፍ_ሱቅ_ልጅ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡40

በቀን አምስቴ የማየው ነገር ነው። ሲሊንደር ሲለካ ጠቅላላው ብቻ አይበቃም። ያቺ ረጅም ቪቴ የምትገባበት ቀዳዳ አለች አይደል? ከእሷ መሃል እስከ አንዱ ጫፍ፣ ከእሷ መሃል እስከ ሌላው ጫፍ፣ ሁለት ቁጥር ነው። የአንተ የድሮው 30 በ40 ይሆናል። የሰጠህ 35 በ35 ነው። ድምሩ አንድ፣ ቁልፉ ሌላ።

ረጅሙ ወደ ውጭ ይሁን ወይስ ወደ ውስጥ የሚለውን በሩ ይወስናል። ከውጭ ላሜራው አለ፣ ጌጡ አለ፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ወደ ውጭ ነው። ግን ከሽፋኑ ከ3 ሚሊ በላይ እንዳይወጣ። የወጣ ሲሊንደር ለሌባ እጀታ ነው። በትልቅ ፒንሳ ይዞ ወዝወዝ ያደርገዋል፤ ቪቴዋ ያለችበት ቦታ ሲሊንደሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ እዚያው ላይ ለሁለት ይሰበራል።

ሌላው፦ ፎርጅድ በዝቷል። ሰዎች ማግኔት ይዘው ይመጣሉ። ማግኔት ብረት መሆኑን ብቻ ነው የሚነግርህ። ናስም ዚንክም በማግኔት አይያዙም። እጅህ ላይ መዝነው። እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ሲሊንደሮች ያዝና ከባዱን ውሰድ፤ ናስ ከዚንክ ይከብዳል። መክፈቻዎቹን ሁሉ እዚያው ሱቁ ላይ እያስገባህ አዙር። አምስቱን ሞክሬ አንዱ ሲነክስ ያየሁበት ቀን አለ።

ማሸጊያውን ካልቀደድከው ይቀይርልሃል።

ኮልፌ_ልጅ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡44

ቀድጄዋለሁ።

ጓጉንቸር_ይበቃል | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡45

ጓጉንቸር ሲገዙ "ስንት በስንት" አይባልም። ብቻ ነገርኳችሁ።

የወይራ_ዘይት | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሲገጠም ዘይት አድርግበት። እኔ የምግብ ዘይት ነው የምጠቀመው፣ ሸር ይላል።

የቁልፍ_ሱቅ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ሸር የሚለው ለሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ የአዲስ አበባ አቧራ ዘይቱ ላይ ይለጠፍና ጭቃ ይሆናል። ሲሊንደር ውስጥ ዘይትም ግራሶም አይገባም። እርሳስ ውሰድ፣ ለስላሳውን ጥቁሩን። መክፈቻውን ጥርስ ጥርሱን አጥቁረህ ቀባውና አስገባ፣ አውጣ፣ አስገባ። ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይይዝም። ከአንድ ብር የማይበልጥ ጥገና ነበር፣ ዛሬ እንኳ እርሳሱም ተወዷል።

ኮልፌ_ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

ተሠራ። ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ የተቀደደውን ማሸጊያ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ የድሮውን ሲሊንደር ከኪሴ ሳወጣ ሳቀ። ትንሽ ጨመርኩና 30 በ40 ቀየረልኝ። መዝኜ ነው የመረጥኩት፣ እንዳላችሁት።

መልስ ላይ የአክስቴን ልጅና ጎረቤታችንን ጋሽ መምህርን ጠራሁ። ከላይ ማገጃ የለም፣ ሠሪው ጨዋ አልነበረም ማለት ነው፣ ለእኛ ግን ጠቀመን። ክሪኩን ከጋሽ መምህር ቮልስ አወረድን። ክንፏን ስናነሳ የታችኛው ማጠፊያ እምቢ አለ። ዝገቱ ይዞታል። ዘይት ነፋንበትና ቁርስ በላን። ከቁርስ በኋላ አንድ ጊዜ በመዶሻ ጎኑን ስንነካው "ጭርር" ብሎ ወጣ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ሁለት ሰው መጥቶ ምን ተሰረቀ ብሎ ጠየቀ።

ሮንዴላዎቹን አስገባን፣ ግራሶ ቀባን፣ ክንፏን መለስናት። የሁለቱ ክንፎች ጠርዝ ገጠመ። 1 ሚሊ ያህል ልዩነት ቀርታለች፣ እማዬ "ይሁን፣ አይታይም" አለች።

ሲሊንደሩ ላይ ነው ላብ ያላበኝ። የድሮውን ሐሙስ ማታ ያወጣሁት ጋሽ ብረቱ እንዳሉት በቀጭን ካቻቢቴ ሰባራውን ጫን አድርጌ ስገፋው ነበር፤ ትንሽ ሲዞር ጥርሷ ገባችና በአውራ ጣቴ ወጣ። አዲሱ ሲገባ ቀላል ነው። ቪቴዋ ግን ቀዳዳዋን አላገኝ አለች። ጨለማ ነው ውስጡ። መብራትም ጠፍቶ ነበር፣ በስልክ ባትሪ እያበራሁ። ሃያ ደቂቃ ታገልኩ። በኋላ የአክስቴ ልጅ መክፈቻውን ይዞ ሲሊንደሩን ቅንጣት ያህል ወደ ውስጥ ሲስበው፣ ቪቴዋ በራሷ ሄደች። ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ገፍቶ ነበር ለካ። እና እስኪያንቅ አላጠበቅኳትም፤ መጀመሪያ ሳጠብቃት መክፈቻው ከበደ፣ ሩብ ዙር ሳላላት ቀለለ።

ድሪሉ ከሳጥኑ አልወጣም። ሴጌቶውም። በያጁ ሊቆርጥ የነበረው ሣጥን እንዳለ ነው፣ ቀለሙም የተፋቀው ቪቴዎቹ ላይ ብቻ ነው፣ በአንቲረስት ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።

ጋሽ_ብረቱ | እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡50

ጎሽ የኔ ልጅ። ቪቴዋን ማላላትህን ወደድኩት፣ እኔ ልነግርህ ረስቼው ነበር። አንድ ነገር ቀርቶሃል። የማይከፈተው ክንፍ የላይና የታች መወርወሪያ። እማማ የወጡበት መንገድ ሌባም የሚገባበት ነው። ሰንሰለቱ ከተነሣ የታችኛዋ መወርወሪያ ላይ ከውስጥ ትንሽ ጓጉንቸር አድርግባት።

ጓጉንቸር_ይበቃል | እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡52

!!!!

ሰብለ_ከአያት | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

አንድ ድል ተሰጠው በቃ 😂 እማማስ ምን አሉ?

ኮልፌ_ልጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡15

ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነቅቼ በመስኮት ቆሜ አየኋት። መክፈቻውን አስገባች። ጉልበቷን በሩ ሥር ከተተች። ገፋች። ከዚያ አዞረችው።

የምናለሽ_ተራ_ሰው | ሰኞ፣ ከቀኑ 5፡00

የድሮውን ሲሊንደር ቆራሌው ሳይወስደው እኔ ልውሰደው? ለፒኖቹ ነው።